ናሙና ቁጥር ሦስት

ሌባው ላፕቶፖቹን አልነካቸውም። ስድስት አዳዲስ ላፕቶፖች ከነካርቶናቸው መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፤ ፕሮጀክተሩ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል፤ የስፖርት ኳሶቹ እንኳ ከመረባቸው ፍንክች አላሉም። ከትምህርት ቢሮው መጋዘን የጠፋው አንድ የተማሪ ዴስክ ብቻ ነው። ያውም የእንጨት!

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቁጢጥ ብላ ወለሉን እያየች። አቧራው ላይ አራት የዴስክ እግር ምልክቶች ንጹሕ ሆነው ቀርተዋል። በግራ በኩል ናሙና ቁጥር አንድና ሁለት፣ በቀኝ በኩል ናሙና ቁጥር አራት፣ ወረቀታቸው እንደተለጠፈባቸው ቆመዋል። ሦስተኛው የለም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካካም።

ላፕቶፕ ተራምዶ ዴስክ የሚሰርቅ ሌባ በአሥራ አምስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ አጋጥሟት አያውቅም። አሁን ግን ፖሊስ አይደለችም። ከስድስት ዓመት በፊት የስርቆት ምርመራ ክፍሉን ለቃ አዲስ ወደተቋቋመው የውድድር ባለሥልጣን ስትዛወር ማዕረጉ ተከትሏት መጣና እስከ ዛሬ ሁሉም «ኢንስፔክተር» ይሏታል። ሥራዋ ግን ሌላ ሆነ። በዋጋና በጥራት ሊፎካከሩ የሚገባቸው ነጋዴዎች በጓዳ ተስማምተው ገበያውን ሲቀራመቱት መያዝ ነው።

መያዝ ስንል እንግዲህ፣ መሞከር። ባለሥልጣኑ ሲጀምር ሁለት ክፍልና አንድ የውሰት ማተሚያ ነበረው። ዛሬ ሙሉ ፎቅ ይዟል፤ አርባ ሠራተኛ አለው፤ ስንቱን የሐሰት ማስታወቂያ አስቁሟል፤ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች አንድ ሆነው ገበያውን እንዳይውጡት ከልክሏል። የጓዳ ስምምነት ግን አንድም ጊዜ እጅ ከፍንጅ ይዞ አያውቅም። ከተማው «ደብዳቤ ቤት» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ ምን ያውቃሉ ለማለት ነው። ይህ ስም ኢንስፔክተሯን ጫማዋ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁራታል።

የበሩ ሰሌዳ እንኳ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ነው። የብረት ሰሌዳ ይሠራ ሲባል ሁለቴ ከልክላለች፤ «ተዉት፣ አባቴ በእንጨት ይሠራዋል» እያለች። አባቷ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ አብረዋት ይኖራሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ስትጠይቃቸው «ልጄ፣ ሌባ ማባረር ትተሽ ዋጋ ማባረር ጀመርሽ። እኔ ለማይቆም ቤት ሰሌዳ አልሠራም» ብለው እቅጩን ነገሯት። እሷም እልኸኛ ናት። ወረቀቱ ወረቀት እንደሆነ ቀረ።

ወደ ዴስኩ እንመለስ። ለትምህርት ቤቶች ዴስክ ለማሠራት ጨረታ ወጣ፤ አራት የእንጨት ሥራ ድርጅቶች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ፣ ሥራቸውን በናሙና አቀረቡ፤ ቁጥር አንድ አሸነፈ። የባለሥልጣኑ ኢኮኖሚስት፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚሉት መነጽራም ሰው፣ ያለፉትን አራት ዓመታት ጨረታ ቢያገላብጥ አራቱ ድርጅቶች ተራ ገብተው ሲያሸንፉ አገኘ። ዋጋቸው ደግሞ ከገበያው እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረው። ዴስክ የሚጠብቁት ሃያ ስምንት ሺህ ልጆች ናቸው። በዚህ ዋጋ በጀቱ የሚበቃው ለግማሾቹ ነው፤ የቀሩት መሬት ላይ ተቀምጠው መማራቸውን ይቀጥላሉ። ውሉ የሚፈረመው ሰኞ በአራት ሰዓት ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ኢንስፔክተሯ «ሐሙስ ጠዋት መጥተን ናሙናዎቹን እናያለን» የሚል ደብዳቤ ለትምህርት ቢሮው ጽፋ ነበር። ከሥሩም እንደ ደንቡ፣ «ግልባጭ፦ ለአራቱም ተጫራቾች» የሚል ሰፍሮበታል።

«ጥሩንባውን የነፋሁት እኔው ራሴ ነኝ» አለች ግንባሯን መታ አድርጋ።

«ግልባጭ ማድረግ ደንብ ነው» አላት ዶክተሩ።

«ደንቡን የጻፈው ማን ሆነና! በል ና፣ ያ ዴስክ አንድ ነገር ያውቃል። ምን እንደሚያውቅ እንድረስበት።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። ቁልፉ የእሱ ብቻ ስለሆነ ጥርጣሬው መጀመሪያ እሱ ላይ አረፈ።

«ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ጥርሴን ሳስነቅል!» አለና አፉን ከፍቶ ሊያሳያት ሲል በእጇ ከለከለችው። ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ፤ ሰዓቱ ተጽፎበታል። ሐኪም ቤቱ ሲደወልለትም «እንዴት እንረሳዋለን፣ ጩኸቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል» የሚል መልስ መጣ።

«ቁልፉስ?»

ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። «ስወጣ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም ሰው! እሰይ! ታዲያ ቁልፍ ለምን አስፈለገ?»

የግቢው ዘበኛም የባሰ ነገር ነገራት። ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ አንድ ሰው ዴስኩን ትከሻው ላይ አድርጎ በዋናው በር ወጥቷል።

«ዝም ብለህ አሳለፍከው?»

«ሽርጥ ለብሷል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። አናጢ ዴስክ ተሸክሞ ቢያልፍ ምን ብዬ ልጠይቀው? ሐኪም መርፌ ይዞ ቢያልፍስ እርስዎ ይጠይቁታል?»

«ፊቱን አየኸው?»

«ዴስኩ ሸፍኖታል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም፤ ዝም ብሎ ሄደ።»

ከሰዓት በኋላ በናሙና ቁጥር አንድ ያሸነፈው ባለድርጅት ራሱ ደወለ። «እህቴ ኢንስፔክተር፣ ሌባ ከፈለጉ ያቺን ባለ ትንሽ ወርክሾፕ ሴትዮ ይጠይቁ። ከጨረታው ስለተባረረች ሥራውን ለማበላሸት የማትፈነቅለው ድንጋይ የለም። ረቡዕ እዚያው ግቢ ታይታለች።»

እውነትም ታይታ ነበር። ሴትዮዋ ዋጋዋ ከሁሉም ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ናሙናዋን አሥር ደቂቃ አርፍደሽ አመጣሽ ተብላ የተመለሰች ናት። ለባለሥልጣኑ የጮኸችውም እሷው ነች። ኢንስፔክተሯ ወርክሾፗ ስትደርስ መጋዟን አጥፍታ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለች።

«ረቡዕ ሄጃለሁ፤ አቤቱታዬን ለመዝገብ ቤት ለመስጠት። ይኸው ማኅተሙ፣ ይኸው ሰዓቱ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ እስክትፈርምልኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ አስቀምጣኛለች፤ እንዴት እንደተጣላን ትንገርዎት።»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስትጠየቅ ዓይኗን አጉረጠረጠች። «እሷን ሴትዮ? በምሳ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከፊቴ ዞር ብትልልኝ ምን ነበረበት!»

ሁለት ተጠርጣሪ፣ ሁለት የማይነቃነቅ ማስረጃ። ሐሙስ አለቀ።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ዴስኩ ጠፋ ወደተባለው ወደ ሦስተኛው ተጫራች ሄደች። ግቢው ውስጥ ብየዳ ይንቦገቦጋል፤ የብረት በሮች ተደርድረዋል። የእንጨት ፍቅፋቂ ለመድኃኒት እንኳ የለም።

«ዴስክዎ መጥፋቱ ያሳዝናል» አለች። «ጥሩ ሥራ ነበር ይባላል።»

«ምን ይደረግ፣ ልባችንን ሰጥተን ነበር የሠራነው።»

«እግሩን ከመቀመጫው ጋር በምን ነበር ያያያዛችሁት?»

«በብሎን ነዋ! በስምንት ብሎን። ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የርክክብ ቅጽ ላይ ግን በመጋዘን ኃላፊው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ቁጥር ሦስት፣ ምስማርም ብሎንም የለውም፤ እንጨት በእንጨት የተያያዘ።» ሰውየው የገዛ ናሙናውን አይቶት አያውቅም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ብቻዋን ሳቀች።

ወደ አሸናፊው ዘንድ ስትሄድ ሳቋ ጠፋ። ባለድርጅቱ በፈገግታ ተቀበላት፤ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በነጋዴዎች ማኅበር ስብሰባ እንደነበረ ከነፎቶው አሳያት።

«ዋና አናጢዎ የት አለ?»

«ዝምታ? ከረቡዕ ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነው።»

ዝምታን ታውቀዋለች። ከአባቷ ዘንድ ሥራ ሊማር መጥቶ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ አድገዋል፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ስለማይናገር ስሙን ያወጣችለት እሷ ነች። እዚህ እንደሚሠራ ግን አልሰማችም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ዴስኮች በትእዛዝ ወደ ባለሥልጣኑ መጡ። ኢንስፔክተሯ ገልብጣ አጋደመቻቸው። የቁጥር አንድ የፊት ሰሌዳ ላይ ያለው የእንጨት መስመር ጠርዙ ላይ ሲደርስ ተቆርጧል፤ የቁጥር ሁለትን ስታስጠጋው መስመሩ ሳይዛነፍ ቀጠለ። ቁጥር አራት ግን ከሁለቱም ጋር አልገጥም አለ። ጠርዙ ላይ ግማሽ ጉጥ ብቻ አለ። ሌላው ግማሽ የለም።

«የቀረው ቁጥር ሦስት ላይ ነው» አለች። «አራቱ ተፎካካሪዎች የተባሉት ዴስኮች ከአንድ ጣውላ፣ በአንድ እጅ ተቆርጠዋል።»

ዳይሬክተሯ የቀድሞ ዳኛ ናቸው፤ በቀላሉ አይደሰቱም። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን ሰሌዳዎች ደጋግመው አዩ። «ሁለት ብቻ ከሆኑ ከአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ያሉ ጣውላዎች ገዝተን ነው ይላሉ። እኔም ዳኛ ብሆን አምናቸዋለሁ። አራቱ ሲገጥሙ ግን አፍ አይኖራቸውም። ሦስተኛው ያስፈልገናል፤ ወይ የሠራው ሰው።»

«ከተስማሙት መካከል ቀድሞ ለተናገረ ምሕረት የሚለው አንቀጽ አለ» አለ ዶክተሩ።

«አዎ፣ አለ» አሉ ዳይሬክተሯ ቀዝቀዝ ብለው። «ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ከፍተን ተቀመጥን። አንድ ሰው አልገባም።»

ቅዳሜ ኢንስፔክተሯ አባቷን ይዛ መጣች። ሽማግሌው ጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን ሰክተው፣ ወረቀቱን ሰሌዳ በአሽሙር ዓይን እያዩ ገቡ። ምስማር ሲመታ ድምፁን ሰምተው ስንት ቁጥር እንደሆነ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን በቁጥር ሁለት እግር ላይ አሳለፉ። እንጨቱ እንጨቱ ውስጥ የገባበት ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«የማን እጅ ነው አባባ?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«ዝምታን አግኝተኸዋል?»

«ካየሁት ዓመት አለፈኝ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አባቷ ዓይኔ ደክሟል ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ የጎረቤት አጥር በግማሽ ጣት መዝመሙን ከመንገድ ማዶ ቆመው ሲሳደቡ ነበር። ነገሩ ቅር አላት፤ ግን የሰው ልጅ ያረጃል ብላ አለፈችው። ያለፈችው ሌላም ነገር ነበር። ረቡዕ ማታ አሮጌ ብርድ ልብስ «ለጉልበቴ» ብለው ለምነዋታል፤ በዚህ ሙቀት! ተቆልፎ የማያውቀው የመሣሪያ ክፍላቸውም አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ወዲያው ይታያት ነበር። የራስ ቤት ግን ለዓይን ቅርብ ስለሆነ ይሁን ለልብ፣ ብቻ አልታያትም።

እሑድ ምሳ ላይ አባቷ አንድ ሁለት ቀምሰው ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ያ እጅ እኮ…» አሉ ሳያስቡት። «ያ እጅ ቀላል አይደለም። አራቱም ዴስኮች ላይ አንድ ምስማር የለም። ሁሉም በእንጨት ሽብልቅ ነው የታሰሩት። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ማን አለ?»

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ ያሳየሁህ ሦስት ነው።»

ሽማግሌው ከጆሯቸው እርሳሱን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ሰኩት። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ረቡዕ ተሸክሞት መጣ» አሉ። «ባለድርጅቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰው የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል ነግሮ ላከውና ‹ሌሎቹን የሚያገናኛቸው ሦስተኛው ነው፤ አምጥተህ ምድጃ ውስጥ ክተተው› አለው። መጋዙን አንሥቶ ሊቆርጠው ሲል እጁ እምቢ አለ። በእጁ የሠራውን! ‹ጋሼ፣ ለማንም አይንገሩ› ብሎ ቃል አስገባኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። ልጄ ነው እኮ እሱም።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

«ሌላም አለ» አሉ እንዳልሰማ ሆነው። «ለአንድ ክፍል የሚሆን ዕቃ ከአንድ ጣውላ ይወጣል፣ መስመሩ ተከታትሎ፣ ቀለሙ ተስማምቶ። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱን አበላሽተህ ሥራ፣ የሚሸነፉ ናቸው ብለውት ነበር። ማበላሸት አልቻለበትም። ሌባ ሌባ ሆኖ ያስባል፤ እሱ አናጢ ሆኖ አሰበ።» ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር፤ ሊደብቁት ቢሞክሩም አልተደበቀላቸውም።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ክፍሉ ከጓሮ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሮጣ ብትከፍተው፣ ብታወጣው፣ «አገኘሁት!» ብትል ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ዛሬ ነው። ኢንስፔክተሯ ቁልፉን አልነካችም። ስልኳን አንሥታ አባቷ ፊት ለዳይሬክተሯ ደወለች።

«ሦስተኛው ዴስክ እኔ ግቢ ውስጥ ነው። የሠራው ዝምታ የሚባል አናጢ ነው፤ የደበቀው አባቴ ነው። ደንብ ቁጥር ሰባት መርማሪ ዘመዱ ከተገኘበት መዝገብ ይወጣል ይላል። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ወጥቻለሁ።»

ዳይሬክተሯ ጠየቁ። «ሰባትንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። በሩ እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። በገዛ እግራቸው ከመጡ አንቀጹ ይጠብቃቸዋል። ካልመጡ ፖሊስ ይመጣል፤ የግቢሽን በር የምትከፍችው አንቺ ነሽ።»

«እስከዚያ ቢያቃጥሉትስ?»

«ሊያቃጥለው የፈለገ ረቡዕ ያቃጥለው ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቷ ፊታቸው ጠቁሯል። «አባትሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ?»

«በር አስከፈትኩልህ እንጂ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ለዘመዴ ዓይኔን ከጨፈንኩ እውነትህን ነው አባባ፣ የማይቆም ቤት ነው። ሰሌዳም አይገባውም።»

ፈርታ ነበር። ለአባቷ ፈርታ ነበር፣ ለዝምታም ፈርታ ነበር፣ መሬት ላይ ለሚቀመጡት ልጆችም ፈርታ ነበር። ሽማግሌው ቁልፉን አንሥተው ወጡ።

ሰኞ ስትነሣ የአባቷ አልጋ ተነጥፏል። የመሣሪያ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ምን እንደተደረገ ስላላወቀች እንደ ዕብድ እየፈጠነች ቢሮ ደረሰች። ክፍሏ አልገባችም፤ መዝገቡ የዶክተሩ ሆኗልና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሁለት ሰዓት ከአርባ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ዳይሬክተሯ ብቅ ብለው አዩዋትና ሰዓታቸውን ተመልክተው ተመለሱ።

ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከደረጃው ላይ የከበደ እርምጃ ተሰማ።

«ሊፍቱ እኮ ይሠራል አባት!» ይላል የሕንፃው ጥበቃ ከታች።

«ሊፍት ያጋጨዋል» የሚል የታወቀ ድምፅ መለሰለት።

ፊት ፊት አባቷ፣ ኋላ ዝምታ፣ በመካከላቸው በእሷ አሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዴስክ። አባቷ በር ላይ ቆመው፣ ልጃቸውን በሕይወታቸው አይተዋት እንደማያውቁ ሰው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጠየቁ።

«የውድድር ባለሥልጣን እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው» አለች። «የማናግራችሁ ግን እኔ አይደለሁም። ዶክተር ይጠብቃችኋል።»

ዝምታ ላቡን በሽርጡ ጠረገ። የዕለቱን አሥር ቃል ለዚህ ያስቀመጠ ይመስላል።

«ቀድሞ ለተናገረ ይላል አሉ… የቀደመኝ ሰው አለ?»

«የለም» አለችው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልቀደመህም።»

በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ በኩል አራቱ ዴስኮች ሲጋደሙ አየች። ዶክተሩ ሦስተኛውን በሁለቱ መካከል አስገብቶ ገፋው። መስመሩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሳይቋረጥ ሄደ፤ ለሁለት የተከፈለው ጉጥ ገጠመና ሙሉ ሆነ። ዶክተሩ፣ ያ ቁጥር ካልሆነ በቀር የማያስቀው ሰው፣ አጨበጨበ። ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቤታቸው ቆሟል። ያለ እሷ እጅ ቆሟል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አኮራት።

ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፊርማውን የሚያግደው ትእዛዝ ወጣ። ግልባጩ እንደ ደንቡ ለአራቱም ተጫራቾች ተላከ። በአምስት ሰዓት የብረት በር ሠሪው፣ ያ ባለ ስምንት ብሎን፣ ደወለ። «ሁለተኛ ለተናገረስ የምታደርጉት ነገር አለ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቷ ቃላቸውን ሰጥተው ሲወጡ እሷን አላዩዋትም። በሩ ላይ ቆመው በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ የተላቀቀ ጠርዙን በጥፍራቸው ይዘው ፈነቀሉት። ከጆሯቸው እርሳሱን፣ ከኪሳቸው ሜትሩን አወጡ።

«ስማችሁ ስንት ፊደል ነው?»

«አሥራ አንድ» አለች ሳትቆጥር።

«ከአንድ ጣውላ ይወጣል» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብለው ተጣሩ። «ዝምታ፣ ና እስቲ፣ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ።»